ሁለት ሴት ልጅ ያስመዘገበችው እናቴ

ልጄና ባሏ ሰሞኑን ተኳርፈዋል። ነገሩ የልጅ ልጄ የት ትማር ነው። እሱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ካልገባች ይላል፤ እሷ ደግሞ "ለአራት ዓመት ልጅ የንስሐ አባት ደብዳቤ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ይቅርብኝ!" ትላለች። ፎርሙን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በላዩ ላይ ይጯጯሃሉ። እኔ ምስር እለቅማለሁ። ወላሂ፣ በዚህ ዕድሜዬም ሰው በትምህርት ቤት ምዝገባ ሲጣላ ስሰማ ምስሩንም ጠጠሩንም አንድ ላይ እጥላለሁ።

ያደግሁት መካነ ሰላም ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። መንግሥት የተለወጠ ሰሞን የመንግሥት ትምህርት ቤቱ በርና መስኮት ተነቅሎ ገና አልተጠገነም፤ ያን ዓመት ሰባተኛ ክፍል የሚያስተምረው የቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ነበር። ቦታ ያጣ ወንድ ደሴ ዘመድ ይፈለግለታል። ቦታ ያጣች ሴት ትዳራለች፤ አለቀ። ጎረቤታችንን ሰዓዳን ደግሞ ከአጅባር በኩል ሽማግሌ ልከው ሁለቴ ጠይቀዋታል። አባቷ ጋሽ ሰይድ እህል ነጋዴ ናቸው፤ "ትምህርት ካገኘች ትማር፣ ካላገኘች ምን አድርጌ ላስቀምጣት?" ብለው ነበር።

ሰዓዳና እኔ የምንበላለጠው በሁለት ወር ነው። እናቷ እትዬ ፋጡማ እሷን ወልደው ጡታቸው ቆስሎ ሲታመሙ፣ እማዬ ከእኔ አፍ እየነጠቀች አጥብታ አሳደገቻት። እኛ ዘንድ ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ያጠባች እናት ናት። በሑዳዴ ሰዓዳ ከእኛ ጋር ሽሮ ትበላለች፣ በረመዳን ማፍጠሪያ ደግሞ እኔ እነሱ ቤት ሾርባውና ቴምሩ ፊት ተጎልቼ አዛን እጠብቃለሁ። የሚገርመው ሳልጾም ከሁሉም ቀድሞ የሚርበው እኔን ነበር።

አባዬ የወላጅ ኮሚቴ ነው። "ድንጋዩን የተሸከምነው እኛ፣ ቆርቆሮውን ያለበስነው እኛ! ለእኛ ልጆች ነው የተሠራው" ይል ነበር። የምእመን ልጅ ብቻ እንዲገባ፣ እህትማማች ከሆኑም አብረው እንዲገቡ የሚለውን ሕግ ራሱ እጁን አውጥቶ ነው ያጸደቀው።

እማዬ "ለፊደልም ክርስትና ልታነሱለት ነው?" ስትለው፣ "አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ!" ይላታል። አላረፈችም። አባዬ ለጉዳይ አቀስታ የሄደ ቀን ሁለታችንን ይዛ ሄዳ አስመዘገበችን። ልጆችሽ ናቸው ሲሏት አዎ አለች፤ አባታቸውስ ሲሏት ባሌ አለች። ማጭበርበርም አልመሰላት። ያጠባችውን ልጅ ልጄ ናት ማለቷ ነው፤ በቃ።

የጳጉሜ እሁድ ነበር፣ ከቅዳሴ በኋላ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል፣ አዳራሹ እርጥብ ጋቢ ጋቢ ይሸታል። ርእሰ መምህሩ ቦታ ያገኙትን ልጆች ስም ከነአባታቸው ያነብባሉ። የእኔ ስም ተጠራ። ቀጥለው "ሰዓዳ ምግባሩ" አሉ።

ምግባሩ አባቴ ነው። ሰው ሁሉ ወደ አባዬ ዞረ። ከዚያ ከኋላ አንዱ ባለጌ "ጋሽ ምግባሩ፣ ይቺን ደግሞ ከማን ወለዷት?" አለና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

አባዬ ፊቱ አመድ መሰለ። እማዬ ተነሳች። "ጡቴን ጠብታለች፤ ልጄ ናት። የእኔ ከሆነች ያንተም ናት" አለችው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

አባዬ በያዘው ዱላ ትከሻዋን አላት። ሁለተኛውን በክንዷ ስትመክት አጥንቱ ቀጭ ሲል ሰማሁት። በሦስተኛው አፏ ደም ሆነ። ጋሽ ሰይድ ከሰዓዳ ጋር ደጅ ቆመው ውጤት ይጠብቁ ነበርና ዘለው ገብተው አባዬን ጉሮሮውን ያዙት፤ ጭንቅላቱን ከግድግዳው ጋር ደጋግመው አጋጩት። ከዚያማ ማን ማንን እንደሚመታ አይታወቅም። አግዳሚ ወንበር በሰው ላይ ወረደ፣ የጋሽ ሰይድ ግንባር ተተረተረ፣ ደሙ የስም ዝርዝሩ ላይ ተረጨ። አሁን ከቅዳሴ የወጣ ሰው ነው ይሄ? ኧረ በማርያም!

ዘበኛውና ሁለት ጎረምሶች በመከራ ገላገሏቸው። ርእሰ መምህሩ እጄን ይዘው ወደ ፊት ጎተቱኝ። "አንቺ ልጅ ነሽ፣ አትዋሺም። ሰዓዳ እህትሽ ናት አይደለችም? በአንቺ ቃል እንቆርጣለን" አሉኝ።

እማዬ የተሰበረ ክንዷን አቅፋ ታየኛለች። ሰዓዳ የአባቷን ደም የነካው ኮፍያ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አባዬ ዱላውን አልጣለም።

"ጎረቤታችን ናት" አልኩ።

ሰረዟት። ሰዓዳ አላለቀሰችም፤ አባቷን ደግፋ በጭቃው ውስጥ ሄደች። ጥር ላይ ዳሯት።

የእማዬ ክንድ ተጣሞ ቀረ። አንድም ቀን አላነሳችብኝም፤ ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር። አባዬ ግን እስኪሞት ድረስ ሰው ፊት "ያን ቀን ከውርደት ያዳነችኝ ይቺ ልጄ ናት" እያለ ይመርቀኝ ነበር። እንዴት እንደምጠላው በዚያች ሰዓት!

አምና እማዬ ስታርፍ ሰዓዳ ከነልጆቿ መጥታ ፊቷን እየነጨች አለቀሰች። አንዷ ለቀስተኛ "ምናችሁ ናት?" ብላ ጠየቀችኝ። "እህቴ ናት፤ የእማዬ ልጅ!" አልኩ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ። ሰዓዳ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች። ምን ትበል? ዱላ የያዘ ሰው በሌለበት እኔም ጀግና ነኝ።

እነዚህ ልጆቼ ጭቅጭቁ ሲሰለቻቸው ወደ እኔ ዞሩ። "እስቲ እማዬ አንቺ ፍረጂን" አለች ልጄ፤ ባሏም እሺ አለ። የልጅ ልጄ መሐላቸው ቆማ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ታያለች።

"ወደፈለጋችሁበት አስገቧት" አልኳቸው። "ብቻ እሷን እንዳትጠይቋት።"