ግሩምና የእድሩ ድንኳን

ግሩም ከደሴ መጥቶ ዘንዘልማ ቤት ሲሠራ አጥሩ ከእኔ አጥር ጋር ገጠመ። ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ቀጭን ልጅ። ያመማቸውን እናቱን፣ ወይዘሮ ፍሬ ስብሐትን፣ አምጥቶ ያስታምም ነበር። እሳቸው እዚህ አገር ከልጃቸውና ከእድሩ በቀር ሰው አልነበራቸውም።

ዛሬ ቤት የሞላው ሁሉ ድሮ የአባቴ ጤፍ ማሳ ነበር። ከጀርባችን የሚወርደው ቦይም ምንጭ ነበር። በልጅነቴ በእንዶድ ልብስ አጥቤበታለሁ፤ ጎንበስ ብየም ጠጥቸዋለሁ። አሁን የየቤቱ ቱቦ እሱ ውስጥ ይተፋል፣ እሱም ወደ ጣና ይወርዳል። እንቦጭ የሚሉት አረም ሐይቁ ላይ ምን በልቶ እንደሚወፍር የሚጠይቅ አልነበረም። ግሩም ጠየቀ። ከዚያ በስልኩ ፊልም ልሥራ አለ።

"እማማ ወለተ፣ ይሞቱልኛል?" አለኝ አንድ ቅዳሜ።

"ምን ሁኜ?"

"ከቦዩ ጠጥተው። ፊልሙ ላይ ልጆችዎ ግቢውን በሙሉ ሴራሚክ አልብሰው፣ ሽንት ቤታቸውን ወደ ቦዩ ለቀው፣ 'እኛ ንጹሕ ነን' ይላሉ። እርስዎ ሲሞቱ ደግሞ ለቀስተኛውን 'ሴራሚኩ እንዳይቆሽሽ ጫማ አውልቁ' ይሉታል።"

ሳቅሁ። የሣህሉ ግቢ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ይበልጥ ሳቅሁ። ሣህሉ የእድራችን ዳኛ ነው፤ እንግዳ የሚያስገባው በካልሲ ነው።

ስሕተቱ ድንኳኑ ላይ ነው። ግሩም የእድሩን ድንኳን ከዕቃ ጠባቂው ከምናሴ ወስዶ ግቢው ውስጥ ተከለ። በእኛ ሰፈር ያ ድንኳን ከተተከለ ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ በሽተኛ ያለበት ቤት ይታወቃል። እኔ ለፊልሙ በነጭ ጋቢ ተሸፍኜ ተኝቻለሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "እናቴ ፍሬ ስብሐት" እያሉ ገቡ። የሣህሉ ሚስት መሲ ደረቴ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ትንፋሽ አጠረኝ።

"መሲ፣ ቀስ በይ" አልኋት ከጋቢው ሥር።

ራሷን ስታ ወደቀች። ወይዘሮ ፍሬ ስብሐት ከቤት ወጥተው በከዘራ ቆሙና "ማን ዐርፎ ነው?" አሉ። "እርስዎ" አይባል ነገር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ።

"በሐዘን ድንኳን የቀለደ ይሰረዝ" አለ ሣህሉ።

ግሩም ተነሣ። "እኔን እንደፈለጋችሁ ቅጡኝ። እናቴን ግን ማን ይቀብርልኛል?" አለና ተቀመጠ።

እኔም ተነሣሁ። "የሞትሁት እኔ ነኝ" አልሁ። "የገደለኝን ሳታዩ አትፍረዱ።"

ስልኩን እየተቀባበሉ የተቀረጸውን አዩ። ጫማ አውልቁ የሚለው ላይ ሲደርስ ሁሉም ወደ ሣህሉ እያየ ሳቀ። ቱቦዎቹ ሲታዩ ግን ሳቁ ቆመ፤ የራሱን ቱቦ ያላወቀ አልነበረም። ሣህሉ ስልኩን ለግሩም መለሰለት።

"ይቆይ፣ አይሰረዝም" አለ በመጨረሻ። "ድንኳኑን ግን በእጁ ይጠበው። ቅጣቱ ይሄ ነው።"

"የት ልጠበው?" አለ ግሩም። ለነገር አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀው።

ድሮ የእድር ድንኳን የሚታጠበው በዚያው ምንጭ ነበር። አሁን ጠቁሯል። ሐይቁ ዳር እንዳይባል እንቦጩ ውኃውን ሸፍኖታል። 

"እኔ ቤት ና" አለ ሣህሉ።

ሴራሚኩ ላይ ዘርግተው፣ ሁለቱም ሱሪያቸውን ሰብስበው አጠቡት። እጣቢው በሣህሉ ቱቦ ወርዶ ቦዩ ውስጥ ሲገባ፣ ሣህሉ አጥሩ ጋ ቆሞ ሲያየው ቆየ። በሳምንቱ ከሴራሚኩ ገሚሱን አስነሥቶ ለፍሳሹ ጉድጓድ አስቆፈረ። ሌሎቹ ገና ናቸው።

ወይዘሮ ፍሬ ስብሐት በኅዳር ዐረፉ። የድንኳኑን ካስማ የመታው ሣህሉ ራሱ ነው። እድሩ አንድም ሰው ሳይጎድል መጣ። ግሩም ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። መሲ ገባችና መጀመሪያ የአስከሬኑን ጋቢ ገለጥ አድርጋ አየች። ከዚያ አለቀሰች።