በሬ የበላት ታንኳ

ከጣና ዳር ብዙም የማትርቅ አንዲት ትንሽ ፖሊስ ጣቢያ እንድመራ የተመደብሁ ሰሞን፣ ሰው በበራችን ላለማለፍ መንገድ ይሻገር ነበር። ንብረቱ የተሰረቀበት ሰው እንኳ ወደ እኛ አይመጣም። «ሌባውስ አንዴ ወስዶ ይሄዳል» ይሉናል። እኔ ራሴ ዓባይ ማዶ ወዳለው ቤቴ ስመለስ ዩኒፎርሜን በፌስታል እይዝ ነበር፤ ለብሼው ከገባሁ ባጃጅ ውስጥ ወሬ ይቆማል። ደሜ ይፈላ ነበር። እኔ እኮ ዩኒፎርሜን እወደዋለሁ!

ስለዚህ ከነዋሪው ጋር በየወሩ መሰብሰብ ጀመርን። ድሮ ፖሊስ ድንኳን ሥር ይቀመጣል፣ ሰዉ ፀሐይ ላይ ይቆማል። እኔ ገለበጥሁት። ወንበሩም ጥላውም ለሰዉ ሆነ፤ እኛ ቆመን እንጠየቅ አልሁ። አባሎቼ አጉረመረሙ። ያጉረምርሙ!

አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መጡ። የሰው መረብ ሰርቀዋል ተብለው ተከሰው፣ ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ሣር የታሰረች ታንኳቸውም ለማስረጃ፣ በኤግዚቢትነት ተይዛ ነበር። ፍርድ ቤት ነፃ ብሏቸዋል።

«ታንኳዬን ስጪኝ ልጄ» አሉኝ። «ቤቴ የሚበላው ከእሷ ነው።»

ንብረት ጠባቂያችንን ጠራሁት። መሬት መሬት እያየ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ከሌባ የተያዙ ሁለት በሬዎች እዚያ ታስረዋል፤ እነሱም ኤግዚቢት ናቸው። ከታንኳዋ የቀረው ገመድና የታኘከ ቁርጥራጭ ብቻ ነው። ወይ ጉድ! ኤግዚቢቱ ኤግዚቢቱን በልቶት ቁጭ!

«ዝናብ አበሰበሳት እንበላቸው» አለ ንብረት ጠባቂው። «ምን ያመጣሉ?»

ይቺን «ምን ያመጣሉ» ስጠላት! ጣቢያውን ያስጠላችው እሷው ናት።

«ዋሽተን ብንሸኛቸው ልጆቻቸው ምን ይበላሉ? እኛስ በምን ዓይናችን ሰው እናያለን?» ብዬ ጮኽሁበት። ሽማግሌውን አስገብቼ አሳየኋቸው። በሬዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ። «አላህ ይይላችሁ» ብለው ወጡ። አንጀቴን በሉት።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሽማግሌውን ከፊት ወንበር አስቀምጬ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ጀመርሁ። «የእኚህን አባት ታንኳ ግቢያችን ውስጥ በሬ በልቷታል። ጥፋቱ የእኛ ነው። በእጃችን ሠርተን እንመልሳለን» አልሁ። ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ።

«በሬውንስ አሰራችሁት?» ብላ አንዲት ሴት ጮኸች።

«እሱማ ድሮም እስረኛ ነው!» አልኋት።

ለሽማግሌው የሰው ታንኳ ተዋስንላቸው። እሑድ ተረኛ ያልሆነ አባል ሁሉ ሱሪውን ጠቅልሎ ደንገል ለማጨድ ሐይቅ ገባ፤ ንብረት ጠባቂው ከፊት። ደንገሉ ሲደርቅ ማሰር ጀመርን። ሽማግሌው ዳር ተቀምጠው «ጠበቅ አድርጉት እንጂ! ሰው ስታስሩ እኮ አትቸገሩም» እያሉ ሲያላግጡብን ዋሉ። ታንኳዋ ወደ ግራ ታዘነብል ነበር። ቢሆንም ሄደች።

ክረምቱ ከወጣ በኋላ አንድ ቀን በራችን ላይ ጩኸት ሰማሁ። ሽማግሌው ናቸው።

«ታንኳዬን ሰረቁኝ!» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«ያቺን ዘማማዋን?»

«ያቺኑ! ምን ታስለፈልፊኛለሽ፣ ፈልጊልኝ እንጂ!»

እንደሷ የምታዘነብል ታንኳ በጣና ዳር ሌላ የለምና ከሰዓት በኋላ አገኘናት። ግቢያችን ግን አላስገባናትም፤ እዚያው ውሃው ዳር አስረከብናቸው። ገመዷን ሲጨብጡ አላስችል አለኝ።

«አባቴ፣ እኛ ያን ያህል በድለንዎት፣ እንዴት በቀጥታ ወደ እኛ መጡ?»

ትክ ብለው አዩኝ። «ታዲያ ወዴት ልሂድ?» አሉ፤ ተቆጥተው።

ሹመት አግኝቻለሁ፣ ምስጋናም አግኝቻለሁ፤ የዚያን ዕለቱን ያህል ግን ኮርቼ አላውቅም። ያን ቀን ፌስታሌን ቢሮ ትቼ፣ ዩኒፎርሜን እንደለበስሁ የዓባይን ድልድይ በእግሬ ተሻግሬ ቤቴ ገባሁ።