የኬብሉ ጭስና ካልሲዎቼ

ዛሬ ታክሲያችን ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ተገትሮ ሳለ የተቃጠለ ኬብል ሽታ በመስኮት ገባ። ከዳንኩ ስንት ዓመቴ፣ እጄ ግን ሳላዘው ክርኔን ማከክ ጀመረ።

አባቴ ምናለሽ ተራ መዳብ ይሸጥ ነበር። ከቆራሌው አሮጌ ኬብል ይገዛና ላስቲኩን በመስኮታችን ሥር አቃጥሎ መዳቡን ከአመዱ ይለቅማል። እኔ ያኔ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ክርኔና ጉልበቴ መታጠፊያ ላይ የወጣብኝ ችፌ ያዣል። እናቴ በጥፍሬ እንዳልቧጭረው እጆቼ ላይ ካልሲ ታጠልቅብኛለች። እንቁላል ከለከሉኝ፣ ወተት ከለከሉኝ፣ የሰው ዓይን ነውም ተባለ።

አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ አባቴን፣ "እንቁላሉ ምን አደረገህ? ልጅቷን የፈጃት ያንተ ጭስ ነው!" አሉት።

አባቴ አፈረ። በማግስቱ እሳቱን ከመስኮታችን ሥር አንስቶ የእሳቸው አጥር ሥር አነደደው። ሌላ ቦታ የት አለውና!

የእኔ ቆዳ እየደረቀ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለበስኩ። ብዙም ሳይቆይ የእትዬ ዘይነባ የልጅ ልጅ ክርኑን ያክ ጀመር። እናቴ አንጀቷ አልችል ቢላት ካልሲዎቼን አጥባ በእኔ እጅ ላከችላቸው።

እትዬ ዘይነባ ካልሲዎቹን አገላብጠው አዩና፣ "ጭሱን ላካችሁልኝ፤ አሁን ደግሞ ካልሲውን?" አሉኝ። ከዚያ ልጁን ጠርተው እጆቹ ላይ አጠለቁለት።

"እህት፣ መስኮቱን ዝጊው እንጂ!" አለኝ አንድ ተሳፋሪ። ዘጋሁት። ከኋላችን ያለው ታክሲ መስኮት ክፍት ይሁን ዝግ፣ ዞሬ አላየሁም።