ባዶው ጀልባ

ሙኒራ ለምን እንጨት እንደመረጠች ለእናቷ ነግራት አታውቅም። የዩኒቨርሲቲ አስተማሪዋ ሙሴ ጅብሪል የብረት መርከብ ይሻልሻል፣ ስሌቱም ይቀልልሻል ብለው መክረዋት ነበር፤ እሷ ግን የመመረቂያ ጥናቴን የእንጨት ጀልባ ላይ ካልሠራሁ ብላ ድርቅ አለች።

ወንድሟ ከይረዲን ከጅቡቲ ጠረፍ ከኦቦክ ተነስቶ ወደ የመን የተሻገረው እንዲህ ባለ ጀልባ ነው። ተሻገረ ማለት የቤቱ ልማድ ሆኖ ነው እንጂ መድረሱን ያየ የለም። አራት ዓመት ሆነው። እናታቸው ሲምቦ ስልክ ሲያረጅባት ትቀይራለች፤ ቁጥሩን ግን አትቀይርም።

የሙኒራ ሥራ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ጀልባ ትሠራለች፤ ሶፍትዌሩ ጀልባውን በጥቃቅን ሦስት ማዕዘን ይከታትፍና የራዳር ሞገድ ይለቅበታል። ሞገዱ ጀልባውን መትቶ ወዴት ወዴት እንደሚበተን፣ ምን ያህሉ ወደመጣበት እንደሚመለስ ያሰላል። የባሕር ጠባቂ መርከብ ስክሪን ላይ ነጥብ ሆኖ የሚታየው ያ የተመለሰው ነው። የሙኒራ ጀልባ ግን ነጥብ አልወጣው አለ። እንጨቱ ሞገዱን ያሳልፈዋል፤ የተመለሰችውም ጥቂት ነገር ከባሕሩ ማዕበል በሚመለሰው ነውጥ ትዋጣለች። ደጋግማ ሞከረች። ያን ቀን ወንድሟን ማንም ሊያየው አይችልም ነበር ማለት ነው? ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ፊት ያስቀመጣት ይኸው ጥያቄ ነው።

ሲምቦ መሃል ከተማ ሰው ቤት እያደረች ስለምትሠራ ባልባላ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ነው። አንድ ዓርብ ልጇ ኮምፒውተሩን ቬንትሌተር ፊት ደቅና ስሌቱ እስኪነሳ ስትጠብቅ አገኘቻት። ይሄ ማሽንሽ እንደኛ ሚኒባስ ካልሞላ አይነሳም እንዴ ብላ ቀለደችባት። ከዚያ ጠጋ ብላ ምስሉን አየችው።

«ሰዎቹስ?»

«የቶቹ ሰዎች፣ እማ?»

«ደላላ ባዶ ጀልባ ያስነሳል እንዴ፣ ልጄ? ትከሻ ለትከሻ ተጣብበናል አላለኝም ወንድምሽ ከጀልባው ሲደውል?»

ሙኒራ የጀልባውን ምስል እንደገና አየችው። ልኩን የወሰደችው ዳር ላይ ከተጎተተ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ነበር፤ ባዶውን። የሰው ገላ ግን አብዛኛው ውኃ ነው፤ ሞገድ እንደ እንጨት ዝም ብሎ አያልፈውም። እዚያው ሰው መሥራት ጀመረች፤ አንድ ሲሊንደር፣ አናቱ ላይ ኳስ። ሠላሳ ያህል ደረደረች። ሲምቦ እያየች ከይረዲን ፊት ነው የሚቀመጠው አለች፤ ሚኒባስም ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ካልሆነ አይሄድም። ሙኒራ የፊተኛውን ሲሊንደር ትንሽ አስረዘመችው።

በሚቀጥለው ዓርብ ውጤቱን አሳየቻት። ከነውጡ በላይ አንዲት ነጥብ ብቅ ብላለች።

«ታዲያ ይታያሉ?»

«የሚያይ ካለ ይታያሉ።»

ሲምቦ ነጥቧን በጣቷ ነካቻት። ሙኒራ ሊታይ ይችላል ማለት ታየ ማለት እንዳልሆነ ልትነግራት አሰበችና ተወችው።

እናቷ ሞገዱ ከየት በኩል እንደተላከ ጠየቀች። ከኛ በኩል፣ ከጅቡቲ አለቻት።

«ከወዲያም ላኪበት እስቲ።»

ሙኒራ ሞገዱ ከየመን በኩል እንዲመጣ አዞረችና ስሌቱን አስነሳች። ውጤቱ ከነገ በፊት እንደማይደርስም ነገረቻት። ሲምቦ ግን በርጩማዋን ሳብ አድርጋ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች።