አሥራ ሦስተኛው ማኅበርተኛ

በደብረ ብርሃን እንደ እትዬ ባፈና ዶሮ ወጥ የሚያውቅ የለም። ይህን የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ ሌላ ምስክር አልነበራቸውም። የሚካኤል ማኅበራቸው አሥራ ሁለት አባላት ነበሩት፤ ወር በገባ በአሥራ ሁለት አንዱ ይደግሳል። የእሳቸው ተራ ነሐሴ፣ ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ። ሃያ ሁለት ዓመት ሽሮ አበሉ።

እኔ ግቢያቸው የተከራየሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የማስተምር የአረርቲ ሰው ነኝ። ማኅበሩ ልግባ ስል የማኅበሩ መሪ አቶ ገብረአብ እምቢ አሉ። የእሳቸው ተራ ኅዳር ሚካኤል ስለሆነ ነገሩ እንዲነካባቸው አይፈልጉም።

«ሐዋርያት አሥራ ሁለት፣ የዶሮ ብልት አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስተኛው ምን ሊበላ ነው?»

እትዬ ባፈና ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኛ ፈረቃ ያወጡ ነበር።

«አሥራ ሦስት ከራሱና ከአንድ በቀር ለማንም አይካፈልም» አሉ። «ጳጉሜን አሥራ ሁለተኛ ቀን ስለሌላት አትቆጠርም። ስለዚህ ተራው በየዙሩ አንድ ወር እየተገፋ በአሥራ ሦስት ዓመት ለሁላችንም ሁሉም ወር ይደርሰናል። አሥራ አራት ብንሆን ግማሹ ወር ይቀርብናል። ሐዋርያትስ ከጌታችን ጋር ሲቆጠሩ ስንት ናቸው፣ ጋሽ ገብረአብ?»

የማኅበሩ ቄስ ሳቁ፤ እኔም ገባሁ።

ከእትዬ ባፈና ነሐሴ ቀጥሎ መስከረምን እኔ ደገስኩ። አቶ ገብረአብ ወደ ታኅሣሥ ተገፍተው በነቢያት ጾም ሽሮ አበሉን። ስለ ሽሮው ባልናገር ይሻላል።

በዓመቱ መስከረም ለእትዬ ባፈና ደረሰ። ሁለት ዶሮ ገዙ፤ ሽንኩርት ከተፉ። ሦስት ቀን ሲቀረው ካላንደሩን አይተው ቁጭ አሉ። አሥራ ሁለት ረቡዕ ዋለ።

«የሳምንቱን ሰባት ቀን ረሳሁት» አሉ። እኔ የሒሳብ መምህሩም ረስቼዋለሁ።

«የሚቀጥለው ጥቅምት ነው፤ ቅዳሜ ይውላል» አልኳቸው።

«አሥራ ሦስት ወር? ልጄ፣ ሰባ ዓመቴ እኮ ነው። ሙያዬን ሳያውቁልኝ ልሞት ነው።»



ረቡዕ ሽሮ በላን። ጸሎቱ እንዳለቀ አቶ ገብረአብ ጋቢያቸውን እያጣፉ፣ «ዶሮዎቹ አሉ?» አሉ።

«አሉ።»

«ነገ ሐሙስ ነው። እንመጣለን።»

ሐሙስ ማንም አልቀረም። አቶ ገብረአብ አንድ ብልት በልተው ደግሞ እንዲጨመርላቸው ጠየቁ። እትዬ ባፈና ጓዳ ገብተው አለቀሱ። በሽንኩርቱ አላሳበቡም።