ሰባት ክረምት ነው ያልኩት እንጨት

ኒሩፓም ላሂሪ ሲሞት ሰው ሁሉ ደም ግፊት ነው አለ። ይበል። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ።

ቺትፑር ሰፈር ውስጥ ሲታር የሚባለው የክር መሣሪያ ጠራቢ ነኝ። ኒሩፓም የፈረንጅ ጊታር ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ በግራ እጁ የብረት ዘንግ ክሩ ላይ እያንሸራተተ የአባቶቻችንን ዜማ፣ ራጋን፣ ይጫወት ነበር። የሰፈሩ ጎረምሳ ብረቱን እንደ ካውያ ሲገፋ እያየ «ዳዳ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ የእኔንም ሸሚዝ ተኩስልኝ!» እያለ ይስቅበታል። እሱን የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነው፤ የጊታሩ ድምፅ ቶሎ ይሞታል። ከሥር ሆነው ሳይነኩ የሚያስተጋቡ አሥራ ሁለት ክሮች ልጨምርለት ብሎ ተነሣ።

ዘጠኝ ዓመት አብረን ለፋን። እሱ ይነድፋል፣ እኔ እጠርባለሁ። አራት ጊታር ሠራን፣ አራቱም ተሰበሩ። አምስተኛውን ስንጀምር ራዲዮ ጣቢያው ለሙዚቀኞች ፈተና ጠራው። ካለፈ መሣሪያውም ስም ያገኛል፤ ከወደቀ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

ለመሣሪያው የፊት ገጽ ብዬ ያስቀመጥኩትን፣ ሰባት ክረምት የደረቀውን ሳንቃ ግን ለልጄ ሠርግ ብዬ ለሲታር ገዢ ሸጬው ነበር። በእሱ ፋንታ ገና በደንብ ያልደረቀውን የሁለት ክረምት ሳንቃ ገጠምኩበት።

ሲረከበኝ በጣቱ አንኳኳው። «ጎፔሽ ዳዳ፣ ትንሽ እርጥብ አይልም እንዴ?»

«ሰባት ክረምት ነው! ካልሆነ ልጄን ይንሳኝ!»

«እንግዲያው ጆሮዬ ነው፤ ይቅር በለኝ» አለ።

ፈተናው ላይ የክሮቹ ጉተታ ሳንቃውን አጎበጠው። ቃኘ፣ ወረደበት። እንደገና ቃኘ፣ ወረደበት። ከፈታኞቹ አንዱ «ልጄ፣ መጀመሪያ መቃኘት ተማር» አለው። ሲመለስ ቀና ብሎ አላየኝም። «ጆሮ የለኝም፣ ዳዳ። ጆሮ ሳይኖረኝ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት ያለፋሁህ» አለኝ። እውነቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ምነው ያኔ ባነቀኝ!

ከዚያ ወዲያ ነድፎ አያውቅም። የሰፈሩን ሴቶች ልጆች የፊልም ዘፈን እያስተማረ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ። ክር በቃኘ ቁጥር ሚስቱን ሹክላን «ልክ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

ባለፈው ክረምት ደም ግፊት ጣለው፤ ግራ እጁ በድን ሆነ። ሕሊናዬ አላስቀምጥ ቢለኝ ሄጄ አልጋው ሥር ተንበረከክኩና ሁሉንም ነገርኩት። ይተፋብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን «እርጥብ ነበር?» አለኝ።

«እርጥብ ነበር።»

«ሹክላ!» ብሎ በተጣመመ አፉ ተጣራ። «ነይ ስሚ! ጆሮዬ ደህና ነው!»

ሮጣ መጣች። እየሳቀ ያለቅሳል። «ጊታሩን አምጪልኝ» አላት። ጭኑ ላይ አጋደመችለትና ብረቱን በድኑ ግራ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ጣቶቹ አልጨበጡትም፤ ብረቱ ወለሉ ላይ ወደቀ።