የረቡዕ ስንቅ

ማክሰኞ ንጋት፣ ቢስቲማ

ተፈራ የጭነት መኪናውን ሞተር አስነስቶ ከገበያው ዳር ይጠብቀኛል። የጫነው ማሽላ ነው፤ ጋቢናው ውስጥ ለእኔ አንድ ቦታ ትርፍ አለች። ሻንጣዬ ጆንያው ላይ ተወርውሯል። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እኔ ግን መሳፈር አልቻልኩም፤ እማ ዘሀራ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አልለቅ ብለውኛል።

«ማታ ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ አልኩዎት እኮ።»

«ኢንሻ አላህ በይ እንጂ፣ አንቺ ልጅ። ቃል ብቻውን መንገድ አይወጣም።»

«ኢንሻ አላህ» አልኩና ስቄ ተሳፈርኩ። ማታ ለምመለስበት ቤት ምን ያስለቅሰኛል?

ለማያውቀኝ አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ። ለማስተማር ልምምድ ወሎ፣ ወረባቦ ተመድቤ መንፈቁን ሙሉ ቢስቲማ ሦስተኛ ክፍል ሳስተምር ከረምኩ። ምደባው የተነገረኝ ቀን እናቴ «ሰው አገር ልትሄጂብኝ ነው» ብላ አለቀሰች። እኔም ከአዲስ አበባ ወጥቼ ስለማላውቅ ባሕር የምሻገር ነበር የመሰለኝ። የተከራየኋት ክፍል ያለችው አባ ይማምና ባለቤታቸው እማ ዘሀራ ግቢ ውስጥ ነው። አባ ይማም ሶላት የማያጓድሉ፣ ቀልድም የማያጓድሉ ገበሬ ናቸው። እማ ዘሀራ ደግሞ ቤቱን፣ ግቢውን፣ አባ ይማምን፣ ኋላም እኔን ያስተዳድራሉ።

አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ማሠልጠኛ ከገባሁ ወዲህ ጾም ትቻለሁ። በዚያ ሁሉ ጓድ መካከል ረቡዕ ዓርብ እያሉ የጾም ሽሮ መፈለግ መሳቂያ ያደርጋል። ቢስቲማ በገባሁ በመጀመሪያው ረቡዕ ግን እማ ዘሀራ ምስር ወጥ በዘይት ሠርተው በሬን አንኳኩ። «ቅቤ የነካው ድስት አይደለም፤ የአንቺን ለብቻው አድርጌዋለሁ። ጾምሽን በእኔ ቤት አታበላሺም» አሉኝ። «አልጾምም» ልል አፌን ከፈትኩና ድስቱን አየሁት፤ አዲስ ነው። አፌን ዘጋሁ። ዓርብም መጡ። የነቢያት ጾም ሲገባማ ጉድ ፈላ፤ ቀኑን ከእኔ ቀድመው ከጎረቤት ጠይቀው አውቀውት፣ እስከ ገና ድረስ አንድ ቀን ሳይዘነጉ አስጾሙኝ። ሰው በንስሐ አባቱ ይጾማል፤ እኔ በእማ ዘሀራ ጾምኩ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ሽኝቴ ነው። አባ ይማም ሙክት ገዝተዋል። እነሱ ያረዱትን እኔ አልበላም፣ ለእኔ የታረደውን እነሱ አይበሉም። ስለዚህ ክርስቲያኑ ጎረቤታቸው አቶ መኮንን ባርከው ሊያርዱልኝ፣ ድስቱም ከእሳቸው ቤት ሊመጣ ተነጋግረዋል። ለቤቱ ሰው ዶሮ አለ። አንድ ገበታ፣ ሁለት ሥጋ፤ ወሎ እንዲህ ነው። ከእራት በኋላ እማ ዘሀራ ይመርቁኛል። በዚህ አገር የከረመ እንግዳ ሳይመረቅ ከደጅ አይወጣም፤ ከወጣም የቤቱ ሰው ቅር ብሎት ይኖራል። ነገ ደሴ አድሬ ሐሙስ አውቶቡስ እይዛለሁ። ዛሬ የምሄደው ትኬት ልቆርጥ፣ የይለፍ ወረቀት ላስፈርም፣ ሻንጣዬንም ደሴ ጓደኛዬ ጋ ላስቀምጥ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ረፋድ፣ ሐይቅና ደሴ

መንገዱ ድንጋይና አቧራ ነው። መኪናው በዘለለ ቁጥር ጭንቅላቴ ከጋቢናው ጣሪያ ጋር ይጋጫል።

«መምህርት፣ ማታ የምመልስሽ እኔ ነኝ አይደል?» ይላል ተፈራ።

«አንተ ነህ።»

«እንግዲያው እኔም የእግዜር እንግዳ ነኝ። ከሙክቱ ጎን አንዱ የእኔ ነው።»

«ለእማ ዘሀራ ንገራቸው።»

«እሳቸውንማ እፈራለሁ።»

ሐይቅ ስንደርስ ውሃው ጭጋጉን ገና አላወለቀም። ኬላው ላይ አንድ ወታደር ወረቀታችንን ገልብጦ አይቶ አሳለፈን። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ኩርምት ብላለች፤ ፒያሳ ግን ሞቅ ብሏል። ከአንድ ሱቅ ሬዲዮ የዘመቻ ዘፈን ይጮኻል፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሰልፉ ተጠማዟል፣ መፈክር የተጻፈበት ቀይ ጨርቅ ነፋስ ያንዘፈዝፈዋል። ሻይ በብስኩት ጠጣሁ፤ ወረቀቴን አስፈረምኩ። ሁሉ ነገር ቀና ብሎልኝ ትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ ደረስኩ።

«ለሐሙስ አንድ፣ አዲስ አበባ።»

«ሐሙስ መኪና የለም» አለኝ ሰውየው፣ ቀና እንኳ ሳይል።

«ዓርብስ?»

«ዓርብም የለም። አውቶቡሶቹ ለግዳጅ ተፈልገዋል። ነገ ጠዋት አንድ ይወጣል። ከሱ በኋላ ያለውን እኔም አላውቀው።»

ቅዳሜ ማሠልጠኛው ካልተገኘሁ ልምምዴ እንዳልተደረገ ይቆጠራል፤ ዓመቱን እደግማለሁ። የረቡዕን ቆረጥኩ። እየሮጥኩ ተፈራ ጋ ስሄድ ደግሞ ወደ ሐይቅ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ አገኘሁት። ወታደር የጫኑ መኪኖች እስኪያልፉ ድረስ ማንም አይንቀሳቀስም ተብሏል። ሲመሽ ይከፈት ይሆናል። መሽቶ ቢስቲማ ብገባ ደግሞ ሰዓት እላፊ አለ፤ ለንጋቱ አውቶቡስ መመለሻ የለኝም።

«እማ ዘሀራን ይቅርታ ጠይቅልኝ» አልኩት።

ተፈራ ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። «ሙክቱ እኮ አሁን ታርዷል» አለ።

«አውቃለሁ።»

«እሺ። እነግራቸዋለሁ። ግን እኔን ነው የሚቆጡኝ።»

ማክሰኞ ማታ፣ ቧንቧ ውሃ

አልማዝ ደሴ የተመደበች የማሠልጠኛ ጓደኛዬ ናት፤ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታለች። እንቁላል ጠበሰችልኝ። አንዴ ቀምሼ ገፋሁት። ይሄኔ አቶ መኮንን ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጥተዋል። ይሄኔ እማ ዘሀራ ደጅ ወጥተው የመኪና መብራት ያያሉ። ተማሪዎቼም ማታ ሊሰናበቱኝ ሊመጡ ነበር፤ ሰኞ ክፍል ውስጥ «ደህና ሁኑ» ስላቸው አላመኑኝም።

«አንቺ ደግሞ» አለች አልማዝ፣ «የሰው ቤት ነው እንጂ የእናትሽ ቤት አይደለም። ምን እንዲህ ያደርግሻል?»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ኮምቦልቻ

አውቶቡሱ ከደሴ ሲወጣ ገና አልነጋም። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁል ስንወርድ አንዲት ሴት ማርያምን እየጠራች ዓይኗን ጨፈነች፤ ረዳቱ «እመቤት፣ ሾፌሩ ግን ዓይኑን ገልጧል፣ አይዞሽ» አላት። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ሹራብ ያስወልቃል። የፋብሪካ ሠራተኞች በጋሪና በእግር ይጎርፋሉ። ኬላው ላይ ግን አቆሙን። ፍተሻ አለ፤ ከዚያ ደግሞ ከፊት ያለው መንገድ እስኪለቀቅ ጠብቁ ተባልን። ሾፌሩ ወርዶ ጎማ ሥር ድንጋይ አደረገ። ይህን ሳይ ቶሎ እንደማንሄድ ገባኝ።

ከኬላው አጠገብ ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ አናት ላይ ሊወጣ ሲል ከደሴ በኩል የለመድኩት ጥሩንባ ተሰማኝ። የተፈራ መኪና ነው። ከጋቢናው አባ ይማም ወረዱ። ጥምጣማቸው አቧራ ለብሷል፤ ደረታቸው ላይ በፎጣ የተጠቀለለ አገልግል አቅፈዋል። ደሴ ሲደርሱ አውቶቡሱ ሄዷል ቢሏቸው፣ ተፈራን ዛሬ የጫነው ማሽላ ኮምቦልቻም ይሸጣል ብለው አምጥተውታል።

ተነስቼ ጉልበታቸውን ልስም ስል ያዙኝ።

«አብሽሪ፣ አብሽሪ ልጄ። ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺ? መንገድ ነው፣ መንገድ እንደሁ የአላህ ነው።»

«እማ ዘሀራስ?»

«ልምጣ ብላ ነበር። ጋቢናው የያዘው አንድ ሰው ነው። አገልግሉን እስከ መኪናው ድረስ እሷው ተሸክማ መጣች፤ ያንን ጉልበቷን እየጎተተች።» ፎጣውን መፍታት ጀመሩ። «በይ አሁን ብይ። ዓይኔ እያየ ካልበላሽ ቤት አታስገባኝም።»

ክዳኑ ሲነሳ ጥብሱ ሸተተኝ። ደርቆ የተጠበሰ፣ ቃሪያ የተከተፈበት፣ እንጀራው ዙሪያውን የታጠፈ።

«ጨዉን ግን አፉ በይኝ ብላለች» አሉ አባ ይማም። «የእናንተ ሥጋ ነው፣ አልቀመሰችውም። በእጇ መጥና ነው የጨመረችው። የአቶ መኮንን ሚስት ልቅመስልሽ ብትላት 'ለልጄ እኔው እጨምራለሁ' ብላ እንቢ አለች። ሌሊቱን ሁሉ፣ አነሰ በዛ፣ አነሰ በዛ፣ እንቅልፍ አሳጣችኝ። ቀምሰሽ ንገሪኝ።»

እጄን ታጠብኩ። ቆርሼ አነሳሁ። ያኔ ነው ቀኑ ትዝ ያለኝ። ረቡዕ ነው።

አንባቢዬ፣ እኔ እኮ ጾመኛ አይደለሁም። ማሠልጠኛ ዓርብ ዓርብ ሥጋ ፍርፍር እበላ ነበር። እኚህ ሽማግሌ ደግሞ በአቧራ ታጥነው የመጡት አንድ ጉርሻ ስበላ ሊያዩ ነው። ልበላው ወሰንኩ። ወደ አፌ ሳስጠጋው አባ ይማም አንጓዬን ያዙኝ።

«ቆይ። ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

ጉርሻውን አየሁት።

«ረቡዕ አይደል እንዴ?» ወደ ተፈራ ዞሩ። ተፈራ ጣቱን ቆጥሮ ራሱን ነቀነቀ። «ወላሂ ረስተነው። የታሰበው ለማክሰኞ ነዋ። ትናንት አልፎ ዛሬ እንደሚሆን ማን አሰበው?»

«ግድ የለም አባ ይማም። ልብላው። እኔ እኮ...» አላስጨረሱኝም።

«የለም፣ የለም። ዘሀራ መንፈቁን ሙሉ ዘይትሽን ለብቻ ስታስቀምጥ ኖራ፣ በመጨረሻው ቀን እኔ ላስፈታሽ? ይህን ብትሰማ ዕድሜ ልኬን አትለቀኝም።» ጉርሻውን ከእጄ ተቀብለው ወደ አገልግሉ መለሱት። ከዚያ አገልግሉን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «እኔ አልበላው፣ አንቺ አትበዪው። የማን ሙክት ነው የታረደው?»

ተፈራም ጾመኛ ነው፤ የረቡዕን ነገር በሆዱ እየረገመ ነው መሰለኝ፣ አንገቱን ደፋ። መጀመሪያ አባ ይማም ሳቁ፣ ከዚያ እኔ። የሻይ ቤቷ ሴትዮ ያበድን መስሏት አየችን። ስንስቅ እንባዬ መጣ፤ እንባው ግን የሳቅ አልነበረም። አንድ ቃል ብቻ፣ «ጨዉ ልክ ነው» የሚል፣ ለእማ ዘሀራ መላክ አቃተኝ።

አውቶቡሱ ጥሩንባ ነፋ። መንገዱ ተለቋል። አባ ይማም አገልግሉን ጠቅልለው አሳቀፉኝ። «ነገ ሐሙስ ነው፤ ከእናትሽ ጋር ብሉት» አሉ። እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፦ «መንገድሽን ያቅናልሽ። ያስተማርሻቸው ወግ ማዕረግ ደርሰው ያሳዩሽ። እኛንም በኸይር ያገናኘን።» አሚን አልን፤ ተፈራም፣ የሻይ ቤቷ ሴትዮም አሚን አሉ።

«የእማ ዘሀራስ ምርቃት?» አልኳቸው።

አባ ይማም ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። ሊነግሩኝ አልፈለጉም ነበር። «እሱን አልሰጠችኝም» አሉ። «ላድርስልሽ ብላት፣ 'ምርቃት በሰው አይላክም፤ መጥታ ትውሰድ' አለች።»

ረቡዕ ከሰዓትና ሐሙስ፣ ወደ ቤት

ቦርከናን ተሻገርን፣ ሐርቡን፣ ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትን አለፍን። ደብረ ሲና ላይ ሾፌሩ ለዘገየ ምሳ አቆመ። አጠገቤ የተቀመጠው አስር አለቃ አገልግሉን በአፍንጫው ሲያጠና ቆይቶ «እህት፣ ይህን ይዘሽ በባዶ ሆድ?» አለኝ። «ጾም ነኝ» አልኩት። እንደዚያ ስል የመጀመሪያዬ ነው፤ እስከ ዛሬ እማ ዘሀራ ናቸው ስለ እኔ የሚሉልኝ። ቆሎ በልቼ ዋልኩ። ጣርማ በርን አልፈን ደብረ ብርሃን አደርን፤ ከዚያ ወዲያ በማታ አይነዳም። የደብረ ብርሃን ቁር ሥጋውን ጠበቀልኝ።

ሐሙስ ረፋድ ቤት ገባሁ። እናቴ አገላብጣ ሳመችኝ፣ ከስተሻል አለች፣ ጠቁረሻል አለች፣ ከዚያ አገልግሉን ከፈተች።

«ይህ ሁሉ? መንገድ ላይ ለምን አልበላሽውም?»

«ረቡዕ ነበራ።»

እጇ ክዳኑ ላይ ቀረ። ጾም በተውኩ ጊዜ ስንት የለመነችኝ እሷ ናት። «ከመቼ ወዲህ?» አለች ቀስ ብላ። «ማን አስጀመረሽ?»

«እማ ዘሀራ፣ አከራዬ።»

«የቄስ ሚስት ናቸው?»

«ሙስሊም ናቸው።»

እናቴ ዱካው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሥጋውን አሙቃ አቀረበችና፣ «እጃቸውን ስመሽ፣ ተመርቀሽ ነው የመጣሽው?» አለችኝ።

«አልደረስኩም። መጥታ ትውሰድ ብለዋል።»

መንገዱ መቼ እንደሚከፈት፣ አውቶቡሱ መቼ እንደሚመለስ አልጠየቀችኝም፤ እሷም ሬዲዮ ትሰማለች። ጠቅልላ አጎረሰችኝ። እያኘክሁ ቀረሁ።

«ምነው? ጨው አነሰው?»

«አላነሰውም» አልኳት። ጨዉ ልክ ነበር፤ ይህን ማወቅ የፈለጉት ሰው ግን ቢስቲማ ናቸው።